ዋስ ያስጠራው የሉቃስ ሥዕል

ሰው ስለ ቅናት ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ቅናት ነው። «እሷ እንኳ የለየላት ቀናተኛ ናት»፣ «እሱ ሰው ሲያልፍለት ዓይኑ ደም ይለብሳል» ሲባል እንሰማለን እንጂ «እኔ ቀናተኛ ነኝ» ብሎ ወሬ የጀመረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተም ብትሆኑ ይህን ስታነቡ አንድ የምታውቁት ቀናተኛ ትዝ ብሏችሁ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ራሳችሁ ግን ትዝ አላላችሁም። ግድ የለም፤ እኔ ስለ ራሴ ቅናት ላውጋችሁ፣ እናንተ ደግሞ ያንን ሰውዬ እያሰባችሁ አንብቡት።

ቅናትም ዓይነት አለው። በሰው በሬ መቅናት፣ በሰው ቤት መቅናት፣ በሰው ሚስት መቅናት የታወቀ ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ ለጓደኛ ቢነግሩት ይገባዋል። የኔ ግን ለማንም ቢነግሩት የማይገባ ዓይነት ነበር። እኔ የቀናሁት በአንድ መጽሔት ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶግራፍ ሥር፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት በታተመች አንዲት መስመር ነው። መስመሯም እንዲህ ትላለች፦ «ምስሉ በመምህር ይመር ጠያቂነት ከቤተ መጻሕፍቱ ልዩ ክምችት የተገኘ።» በቃ ይኸው ነው። በዚች መስመር የተነሳ ከዓመት በላይ እርር ድብን ስል ኖርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም ላሊበላ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ያን ጊዜ አስተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። በተማሪዎች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንቀመጥና በየተራ እየተነሳን ጥፋታችንን እንናገራለን። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ሰዓት አላከብርም» እላለሁ፤ ሰብሳቢው ይጽፋል። በሳምንቱም «ሰዓት አላከብርም» እላለሁ፤ አሁንም ይጽፋል። እውነቱን ብናገር ኖሮ «ጓዶች፣ ከፊቴ በተቀመጠው በጓድ ይመር ቀንቼ ምግብ አልወርድ ብሎኛል» ማለት ነበረብኝ። ምናልባት «የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ» ብለው ይመዘግቡልኝ ነበር። አልደፈርኩም። ይመር ግን ተነስቶ ምን ይላል መሰላችሁ? «ሰው ቶሎ አምናለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ ጥፋት አለ እንዴ? በጥፋቱ ሳይቀር የሚቀናበት ሰው ነበር።

ይመርን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። የታሪክ አስተማሪ ነው፤ በወልዲያ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ የመጣ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሰላምታው የማያልቅ። ማንም ሰው ጭንቀቱን ሲነግረው «አብሽር» ይላል፤ አትጨነቅ፣ አይዞህ እንደማለት ነው። የሚያናድደው ደግሞ «አብሽር» ያለው ነገር ሁሉ ይሳካል። የምጠላበት ምክንያት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ትንሽ ጥላቻ ቢገኝ ቅናቴን አስደግፈው ነበር፤ ሳይገኝ ቀርቶ ቅናቴ ብቻውን ቆሞ ኖረ።

እኔ ደግሞ አድማሱ እባላለሁ፤ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከላሊበላ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ በኩልመስክ በኩል ሽቅብ ተወጥቶ የምትገኝ የአንዲት የደጋ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ፣ መስቀሉም ጽናውም ጥላውም መጻሕፍቱም በእሳቸው እጅ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በጠፍር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ፤ ሲተኙም አያወልቁትም። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ምስጋናቸው ደግሞ ከንግግራቸውም ይብስ። በዕድሜዬ «ጎበዝ» ሲሉ የሰማኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። አንዱን ጭነት ይዛ ገደሉን በሰላም ለተሻገረች በቅሎ፣ ሌላውን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ለከደነ ሰው ተናገሩ። እኔ ዲቁና ስቀበል «ደህና» አሉኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ስመጣም «ደህና» አሉኝ።

አንድ ጊዜ አባቴ ገናን ለማክበር ላሊበላ ወርደው እኔ ቤት አረፉ። ያ መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ወር የሚፈጅበት መጽሔት ነው። አነሱት፤ ይመር የጻፈው ገጽ ላይም ደረሱ። ጽሑፉ ድሮ አገር የተስማማበት ጉዳይ ሁሉ እንዳይካድ በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ እንደነበር ያወሳል። ማስረጃ እንዲሆነውም በሙጃ በኩል የነበረ አንድ ገበያ ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ሲዛወር ሽማግሌዎች የተስማሙበትን ገጽ በፎቶግራፍ አውጥቷል። አባቴ ገጹን ከዓይናቸው አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ማነው ይኼን ያወጣው?» አሉ።

«አብሮኝ የሚያስተምር ነው፤ ይመር ይባላል።»

«ጎበዝ!»

ሦስተኛው ጎበዝ መሆኑ ነው። በቅሎዋንስ በቅሎ ናት ብዬ ተውኳት። የዚህ ግን አንጀቴን አሳረረው፤ ምክንያቱም እኔ የወንጌሉን ቅጠል እየዳሰስኩ አድጌ፣ እኔ የቄሰ ገበዙ ልጅ ሆኜ፣ መጽሔት ላይ አውጥቶ ጎበዝ የተባለው የነጋዴው ልጅ ነው። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ለአባቴ ጥርሴን ሳሳይ ሰነበትኩ፤ ሳቅ ይመስል ነበር።

አባቴን እንደሸኘሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የብራና ወንጌል አለ። በውስጡ ወንጌላዊው ሉቃስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መቃ ብዕሩን ይዞ ሲጽፍ የሚያሳይ ሥዕል አለ። የዚያ ቅጠል የታችኛው ጥግ አንድ ጊዜ ተቀዶ ነበር፤ አባቴ ገና ወጣት ዲያቆን ሳሉ በጅማት ክር ሰፉት። ስፌቱ ጥቃቅን፣ እኩል እኩል፣ ከሉቃስ እግር አጠገብ እንደ ጤፍ ረድፍ የተደረደረ ነው። ልጅ ሳለሁ ሥዕሉን ሲያሳዩኝ ጣታቸው ሉቃስ ላይ ሳይሆን ስፌቱ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የብራና መጻሕፍትን በፊልም የሚያነሱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ላሊበላ መጥተው የዙሪያውን ቤተ ክርስቲያኖች መጻሕፍት አስመጥተው ነበር። አባቴ ወንጌሉን በጀርባቸው ተሸክመው ወረዱ፤ ሲነሳም ከአጠገቡ ሳይርቁ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ መልሰው ተሸክመውት ወጡ። ስለዚህ ሉቃስ ከነስፌቱ አዲስ አበባ፣ ያ የይመር ገጽ በወጣበት ልዩ ክምችት ውስጥ አለ ማለት ነው። ያንን ሥዕል አስመጥቼ፣ ስለ መጽሐፍ አጠጋገን ጽፌ፣ ከሥሩ «በመምህር አድማሱ ጠያቂነት» አሰኝቼ ባወጣው አባቴ ከጎበዝ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ?

ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለይመር አልነገርኩትም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ስለሆነ አልነገርኩትም። ከሦስት ወር በኋላ መልሱ መጣ። የሚሞላ ቅጽ በሦስት ቅጂ፦ የመጽሐፉ መለያ፣ የተፈለገው ቅጠል፣ የተፈለገበት ዓላማ፣ የሚታተምበት ቦታ። ከታች ደግሞ ምስሉን ለመውሰድም ሆነ ለማሳተም የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ቤተ ክርስቲያን በማኅተም የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ መስጠት እንዳለበት ይገልጽና «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ ይደመድማል። ሳቅሁ። ባለቤቱ ማን ሆነና! የባለቤቱ ቁልፍ ያለው አባቴ አንገት ላይ ነው። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ዳገቱን ተያያዝኩት።

አባቴ ቅጹን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አነበቡት። አጣጠፉና መለሱልኝ።

«ዋስ ጥራ» አሉ።

«ምን አሉኝ አባ?»

«መጥሐፍ ሊገለብጥ የመጣ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም መያዣ ያስቀምጣል። ኸጥንት ጀምሮ እንዲያ ነው።»

ልማዱ መኖሩን አውቃለሁ። ድሮ አንድ ደብር መጽሐፍ ሲያስገለብጥ መጽሐፉ ሳይጎድል እንዲመለስ የታመነ ሰው ይቆምለታል፣ መያዣም ይያዛል። ግን ያ ጸሐፊ መጽሐፉን ወስዶ ወራት ሙሉ አጠገቡ አድርጎ ለሚጽፍበት ነው።

«አባ፣ መጽሐፉ እኮ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ምስሉ አዲስ አበባ ነው ያለው። የሚመጣው ወረቀት ብቻ ነው።»

«መገልበጥ ነው አይደለም?»

«መገልበጥስ ነው።»

«እንግዲያማ ዋስ ጥራ።»

«እሺ፣ እርስዎ ዋስ ይሁኑኛ።»

«እኔ ሰጪ ነኝ፤ ሰጪ ዋስ አይሆንም። ደሞም ለልጁ ሰጠ ተብዬ እንዳልታማ ላንተ ይብስ ነው የማጠብቀው።»

ማንን ልጥራ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! አባቴ ትንሽ አሰቡና «ያ የገበያውን ጥሑፍ ያወጣው ሰው አለ አይደል? የመጥሐፍ ነገር ያውቃል። እሱ ኸቆመልህ አምናለሁ» አሉ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ደጋው፣ ገብሱ፣ ሰማዩ እንጂ የሚያስጥለኝ አልነበረም። በመጨረሻ ያለኝን አንድ ምክንያት አወጣሁ።

«አባ፣ እሱ እኮ ሙስሊም ነው።»

«ዋስ ይሁን አልሁ እንጂ ይቀድስ አልሁ?»

በማግስቱ ቁልቁለቱን ስወርድ መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳበጥር ዋልኩ። የምትቀኑበትን ሰው ውለታ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? ካልለመናችሁ አትሞክሩት። ይመርን ሰኞ በእረፍት ሰዓት ከክፍል ውጭ አገኘሁትና እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አስለምኖ ቢሆን እንዴት በወደድኩት! አልጠየቀኝም፣ አልተኮሳተረም፣ ለምን እስካሁን ደበቅከኝ አላለም። «አብሽር» አለኝ። «ወላሂ ቀድመህ ብትነግረኝ የኔን ቅጽ ቅጂ እሰጥህ ነበር፤ እያየህ ትሞላው ነበር።»

በሳምንቱ አብረን ወጣን። ይመር ዳገት አይደክመውም፤ እየሄደ ያወራል፣ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ ሰላም ይላል። ትከሻው ላይ ሬዲዮኑ ነበረች፤ የቆዳ ማንገቻ ያላት፣ ሩቅ ጣቢያ ሁሉ የምትይዝ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ እንደሷ ያለ ሬዲዮ አልነበረም። ያለ እሷ የትም አይሄድም፤ ወደ ማምሻው ላይ እኛም አስተማሪዎች እሷን ልንሰማ ቤቱ እንሰበሰብ ነበር። ስንደርስ አባቴ ከሩቅ አይተው ተነሱ። ለኔ ተነስተው አያውቁም።

መያዣ ሲጠየቅ እኔ ቶሎ ብዬ ካፖርቴን አወለቅሁ። አባቴ እጄን መለስ አደረጉና «ዋሱ እሱ ነው፤ መያዣውም የሱ ይሁን። ሲለየው ቅር የሚለው ነገር ይሁን» አሉ። ይመር አላመነታም። ሬዲዮኑን ከትከሻው አወረደ፤ ባትሪዎቹን አወጣና በመሀረቡ ቋጠረ፤ ሁለቱንም በሁለት እጁ አቀረበ።

«አብሽሩ አባ። እኔም ጆሮዬን ላሳርፈው» አለ።

«ልጄ፣ ተባረክ» አሉት።

እንግዲህ ሽማግሌ ሰው ለመንገደኛም ለውኃ ቀጂም «ልጄ» ይላል፤ ይህን የማያውቅ አበሻ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ያቺ ቃል ከኔ ኪስ የተወሰደች መሰለኝ።

አባቴ ወንጌሉን ከዕቃ ቤት አውጥተው፣ ሁለቱን የቀለም ቀንዶች፣ የጥቁሩንና የቀዩን፣ አጠገባቸው ተክለው የዋስትናውን ቃል ሊጽፉ ሲቀመጡ እኔን አስቀድመው የጻፉትን የፈቃድ ደብዳቤ አስይዘው ለማኅተም ላኩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም አልነበረውም፤ ማኅተም ያለው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ሊቀ መንበሩ የአባቴ የንስሐ ልጅ ናቸው፤ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና የፈቃዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ሥዕል ላርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?» አሉኝ።

«ሰውዬው ተቀምጦ ሲጽፍ ነው የሚያሳየው» አልኳቸው። «ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ይሆናል።»

ሊቀ መንበሩ ደስ አላቸው። አንድ ማኅተም የሚበቃውን ወረቀት ሦስት ቦታ መቱት። ሉቃስ በላስታ ደጋ ላይ መሃይምነትን ለማጥፋት የተሰለፈው በዚህ ሁኔታ ነው። ማኅተሙን ይዤ ስመለስ ወንጌሉ ተከድኖ ዕቃ ቤት ገብቷል፤ አባቴና ይመርም በአንድ ቆሎ ላይ እጅ እየተጋፉ ስለ ድሮ ገበያ ቀኖች ይጫወታሉ።

ቅጹንና ደብዳቤውን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰደድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ክረምቱ አለፈ፤ በጥቅምት ወር በካርቶን የተደገፈ ትልቅ ፖስታ መጣልኝ። ሉቃስ! ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን ስፌቱ ሳይቀር ክር በክር ይቆጠራል። የማሳተም ፈቃዱም አብሮ አለ። ጽሑፌን ጨረስኩና ሥዕሉንም ፈቃዱንም ቤተ ክርስቲያኑ የጻፈውንም ደብዳቤ ቅጂ አንድ ላይ አሽጌ ለመጽሔቱ ሰደድኩ። በመጋቢት ታትሞ መጣ። ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ገለጥኩት። ሥዕሉ አለ፤ ሙሉ ግማሽ ገጽ ይዟል። ዓይኔ ወደ መስመሯ ወረደ፦ «ምስሉ በመምህር ይመር ዋስትና ከቤተ መጻሕፍቱ ልዩ ክምችት የተገኘ።»

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላስፈለገኝም። የአባቴ ደብዳቤ የሚጀምረው በዋሱ ስም ነው፤ አዘጋጁም መጀመሪያ ያገኘውን ስም ወሰደ። የኔስ ስም? አለ እንጂ፤ ከጽሑፉ መጨረሻ፣ አንባቢ ሁሉ ደክሞት ገጽ በሚያዞርበት ቦታ። ይመር ግን አሁን ሁለት መስመር ሆነለት፤ አንዱን ራሱ ጠይቆ፣ ሁለተኛውን እኔ ደክሜ አመጣሁለት።

አሁን የማፍርበትን ልናገር ነው። ምስሉ እንደደረሰ ለአባቴ አሳይቼ መያዣውን ማስለቀቅ የኔ ፋንታ ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት «መጽሔቱን ይዤ ስወጣ ይሻላል» እያልኩ ቆየሁ፤ ይህ እንኳ ምክንያት ይመስላል። ከመጋቢት በኋላ ግን ምክንያት አልነበረኝም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ስሜን ወስዶብኝ ሬዲዮኑን ደግሞ ላምጣለት? እዚያው ትቀመጥ! ይመር አንድ ቀን እንኳ «ሬዲዮኔስ?» አላለኝም። ማምሻውን ቀበሌው ግቢ በር ላይ፣ ከእንጨቱ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሥር እጁን አጣምሮ ቆሞ ዜና ሲሰማ በሩቁ አየዋለሁ። ድምፅ ማጉያው ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ይመር ሁሉንም ዜና እስከ መጨረሻው ያዳምጥና ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ።

ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ በአንድ ዓርብ ግለ ሂስ ላይ የይመር ተራ ደረሰ። ተነሳ። እንደ ልማዱ «ሰው ቶሎ አምናለሁ» አለ። እንደ ልማዱ ግን አልሳቀም። ወደኔም አላየም፤ ሆን ብሎ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ተመለከተና ተቀመጠ። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥሎ እኔ ተነሳሁ፤ «ሰዓት አላከብርም» አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነብኝ። በማግስቱ መጽሔቱን በጉያዬ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

አባቴ መጽሔቱን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ ወጡ። ዓይናቸው ደክሟልና ከአፍንጫቸው ነክቶ ሊቀር እስኪደርስ አስጠጉት። የጻፍኩትን አለፉት። ያቺን የተረገመች መስመርም አለፏት። ጣታቸው ሄዶ ሄዶ ከሉቃስ እግር አጠገብ ቆመ።

«ስፌቴ!» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ክሩ ሳይቀር ወጥቷል። ያነሳው ያ ቀጭኑ፣ መነጽር ያደረገው ልጅ ነው አይደል? በእጁ አልነካካውም፤ በእንጨት ነበር ቅጠሉን የሚገልጠው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ!»

አራተኛውም ሄደ። በቅሎዋ፣ ጣሪያ ከዳኙ፣ ይመር፣ አሁን ደግሞ ፎቶ አንሺው። ከዚህ ወዲያ መሳቅ እንጂ ምን ይደረጋል?

«ሥዕሉ ኸመጣ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ ቀና ብለው።

«ሰባት ወር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ደስ ባለኝ። መጽሔቱን አጠፉና ተነስተው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ሬዲዮኗ ዕቃ ቤት ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ከከበሮው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ባትሪዎቹም በይመር መሀረብ እንደታሰሩ ናቸው። አንድም ሰው አልነካት፤ መያዣ አይነካም። ከዚያ ወንጌሉን አወጡ፤ መያዣው መመለሱን ሊጽፉበት የመጨረሻውን ባዶ ቅጠል ገለጡ። ያኔ ነው ያየሁት።

ገጹ መካከል ላይ፣ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት፣ «ይመር» የሚል ተጽፏል። በቀይ ቀለም! ወንጌል ውስጥ በቀይ የሚጻፈው የጌታና የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳንም ስም፣ አልፎ አልፎም መጽሐፉን ያሠራ ትልቅ ሰው ስም ነው። ከሥሩ ደቀቅ ባለ ጥቁር ቀለም «ለልጄ ለአድማሱ ዋስ ሆነ፤ ሬዲዮኑን አስያዘ» ይላል። እኔ ከዓመት በላይ ነገ የስኳር መጠቅለያ በሚሆን ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ሳሳድድ፣ እሱ ሬዲዮኑን አውርዶ በመስጠት ብቻ ብራና ላይ፣ ወንጌል ላይ፣ በአባቴ እጅ፣ በቀይ! በቤተ መጻሕፍቱ ፊልም ላይ ያ ቅጠል ባዶ ነው፤ የተነሳው ከመጻፉ በፊት ነውና። እኛ ሁላችን አፈር ከሆንን በኋላ ግን አንድ የታሪክ አስተማሪ ይመጣና ይህን ገጽ አንሱልኝ ብሎ ቅጽ በሦስት ቅጂ ይሞላል። «ይህ ይመር ማነው?» ብሎ ይጽፍበታል። አድማሱ ማነው የሚል ግን አይኖርም። ይመር ይህን ሁሉ አያውቅም። ያ ነው የባሰብኝ፤ ሳያውቀው ነው ያገኘው።

«አባ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነብኝ፤ «የይመርን ስም ለምን በቀይ ጻፉት?»

አባቴ ብዕራቸውን ጥቁሩ ቀንድ ውስጥ እየነከሩ ሳያዩኝ መለሱ።

«እንግዳ ነዋ። የሰው አገር ሰው ነው፤ በቀይ ባልጥፈው ነገ ማን ያውቀዋል? አንተማ የቤት ነህ። የቤት ልጅ ጥቁሩ ይበቃዋል።»

«መያዣው ተመልሷል» ብለው ጻፉ፤ እስኪደርቅ እፍ አሉበትና ወንጌሉን ከደኑ። «በል ሂድ፤ ሰው ሬዲዮኑን እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ሬዲዮኗን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ለይመር ስሰጠው በአንድ ጊዜ ባትሪዎቹን አስገብቶ ጣቢያ መፈለግ ጀመረ። «አስቆየሁብህ፤ ሆን ብዬ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አውቄያለሁ። አብሽር» አለ። ስለ ቀዩ ቀለም አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ እናንተም እንዳትነግሩት።

አባቴ ያሉኝ ነገር ግን መንገድ ላይ እያለሁ ነው የገባኝ። ከአራቱም ጎበዝ የሚበልጥ ነገር ነው የተናገሩኝ፤ ወንጌሉ ላይም «ልጄ» ብለው የጻፉት እኔን ነው። ይህንን አውቃለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ደስ ይለኛል።

ቀዩ ግን ያምራል።